ቲ.ኤስ.ኤች «ዝቅተኛ» ሲል መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው

ጥያቄ፦ «እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ እንዳለባቸው የታወቀው ከ18 ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ክብደታቸው 72 ኪሎ ግራም ነበር፤ አሁን 58 ነው። በቀን 125 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ ኪኒን) ለረጅም ዓመታት ሲወስዱ ምንም ችግር አልነበረባቸውም። እንዲያውም ከዕድሜያቸው በላይ ንቁ ነበሩ፤ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ቤት ያጸዱ ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት ሐኪማቸው ቲ.ኤስ.ኤች 0.05 ነው ብለው መጠኑን ወደ 100 ዝቅ አደረጉት። በዚያው ቀን አጥንታቸው ሳስቷል ተብሎ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ታዘዘላቸው፤ ሁሉንም ጠዋት አንድ ላይ ይወስዳሉ። ከዚያ ወዲህ ይደክማቸዋል፤ ሆዳቸው ይደርቃል፤ ቀን ላይ ያንቀላፋሉ። በሦስተኛው ሳምንት በራሳችን አስመረመርናቸው፤ ቲ.ኤስ.ኤች 0.21 ነው፤ ወረቀቱ አሁንም «ዝቅተኛ» ይላል። ዝቅተኛ ከሆነ መድኃኒቱ መጨመር ሲገባው ለምን ይቀነሳል? ሐኪሙን ብንጠይቅ «ዕድሜያቸው ነው» አሉን። ሰው ስላረጀ ሕክምና ይቀነስበታል? የተረፉ የ125 ኪኒኖች አሉን። ወደ እነርሱ ብንመልሳቸው፣ ወይም በጣም በሚደክማቸው ቀን ግማሽ ብንጨምርላቸው ምን ጉዳት አለው?»

ምላሽ፦

ወደ 125 አይመልሷቸው፤ ግማሽ ኪኒንም አይጨምሩላቸው። ሐኪማቸው መጠኑን መቀነሳቸው ትክክል ነበር። ስሕተቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ ነው፤ እርሱም በቀላሉ የሚታረም ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ቲ.ኤስ.ኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ አንገት ላይ ላለው የታይሮይድ ዕጢ የምትልከው ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ፒቱታሪ ትእዛዟን ታበዛለች፤ ቲ.ኤስ.ኤች ከፍ ይላል። ሆርሞኑ ሲትረፈረፍ ዝም ትላለች፤ ቲ.ኤስ.ኤች ይወርዳል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ያለው «ዝቅተኛ» የሚናገረው ስለ ትእዛዙ እንጂ ስለ ሆርሞኑ አይደለም። 0.05 ማለት ፒቱታሪ ከሚበቃው በላይ ሆርሞን ስላየች ድምፅዋን አጥፍታለች ማለት ነው። ላቦራቶሪው ከቁጥሩ ጎን የሚያትማት ቁልቁል የምታመለክት ቀስት ለሐኪም ምቹ ናት፤ ለቤተሰብ ግን ከዚህች ቀስት የበለጠ አሳሳች ነገር አላየሁም። የሚነበበው በተገላቢጦሽ ነው፦ ቲ.ኤስ.ኤች ሲወርድ መድኃኒቱ በዝቷል፤ ሲወጣ አንሷል።

ሁለቱ እኩል እየተራመዱም አይሄዱም። በደም ውስጥ ያለው ነፃ ቲ4 (የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ዋናው ሆርሞን) በእጥፍ ሲለወጥ ቲ.ኤስ.ኤች እስከ መቶ እጥፍ ሊለወጥ ይችላል። ነፃ ቲ4 በመደበኛው ወሰን ውስጥ ሆኖ ሳለ ቲ.ኤስ.ኤች ወደ ዜሮ የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ነው። የእናትዎ ነፃ ቲ4 ያን ጊዜ ተለክቶ «መደበኛ» ተብሎ ቢሆን እንኳ መደበኛ የተባለው ለብዙ ሰው ነው፤ ለእርሳቸው ሰውነት ግን በዝቶ ነበር። ፒቱታሪያቸው የመሰከረችው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ «ዕድሜያቸው ነው» እንምጣ። ይህች አጭር መልስ ብታናድድዎ አልፈርድብዎትም፤ ሐኪሞች ጊዜ ሲያጥረን ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ አነጋገር እንናገራለን። የተቀነሰባቸው ሕክምና አይደለም፤ ሰውነታቸው የሚጠቀምበት የሆርሞን ልክ ራሱ ቀንሷል። የታይሮይድ ዕጢው ምንም ለማያመርት ወጣት ጎልማሳ የሚያስፈልገው ሙሉ ምትክ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ወደ 1.6 ማይክሮግራም ነው። በ72 ኪሎ ግራም ሲባዛ 115 ይሆናል። እንግዲህ ከ18 ዓመት በፊት 125 መታዘዙ ሩቅ አልነበረም። በ58 ኪሎ ግራም ሲባዛ ግን 93 ይመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሆርሞኑን በብዛት የሚጠቀመው የጡንቻ ሥጋ ይሳሳል፤ ሰውነት ሆርሞኑን ሰባብሮ የሚያስወግድበት ፍጥነትም ይዘገያል። በዚህ የተነሣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለአንድ ኪሎ ግራም የሚያስፈልጋቸው መጠን ከወጣቶች ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ሒሳቡን ጨርሱት፦ ከ70 እስከ 75 ማይክሮግራም ገደማ ይሆናል። እናትዎ ይወስዱ የነበረው 125 ነው።

ይህ ስሌት ግምት እንጂ ማዘዣ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ፣ ወይም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባላቸው መድኃኒት ትንሽ ከሆነ ከዚህ በላይ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ዕጢያቸው አሁንም ጥቂት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን አቅጣጫውን ልብ ይበሉ። የሚቀጥለው ማስተካከያ ወደ ላይ ሳይሆን ከ100ም በታች ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ያን ቀን ሲመጣ ዳግመኛ እንዳይደነግጡ ነው።

«ለረጅም ዓመታት ምንም ችግር አልነበረባቸውም» ብለዋል። ደብዳቤዎ ውስጥ ግን ችግሩ ተጽፏል። ሳይነጋ የሚያስነሣ ንቃት፣ የወረደ ክብደት፣ የሳሳ አጥንት፦ እነዚህ ሦስቱ የቲ.ኤስ.ኤች 0.05 ጎረቤቶች ናቸው። ወጣት ሰው ሆርሞን ሲበዛበት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ይቁነጠነጣል፤ ምልክቱ ራሱ ይጮኻል። በአዛውንት ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ይመጣል፤ አንዳንዴ የክብደት መውረድ ብቻ፣ አንዳንዴ የእንቅልፍ ማጣት ብቻ፣ አንዳንዴም ማንም ያልጠረጠረው የልብ ምት መዛባት ሆኖ ይገለጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና እርሱም የልብ ምትን ከሚያዘገዩት ወገን ከሆነ ደግሞ ያ ምልክት እንኳ ይሸፈናል። ቤተሰብ «እናታችን እንዴት ብርቱ ናት» እያለ ሲደሰት ልብ ውስጥ ውስጡን እየደከመ ሊሆን ይችላል።

የልቡ ነገር እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የፍራሚንግሃም ጥናት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ተከታትሎ ነበር። ቲ.ኤስ.ኤች 0.1 ወይም ከዚያ በታች የሆነባቸው ሰዎች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት የመያዝ ዕድላቸው ቲ.ኤስ.ኤቻቸው መደበኛ ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ይህ መዛባት በልብ የላይኛው ክፍል ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ነው። አጥንቱም እንዲሁ ነው። ትርፍ የታይሮይድ ሆርሞን አጥንት ከሚሠራበት ፍጥነት ይልቅ የሚፈርስበትን ፍጥነት ያበዛዋል፤ የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ጉዳቱ ይበረታል። ሐኪማቸው በአንድ ቀን ሌቮታይሮክሲኑን ቀንሰው ካልሲየም ያዘዙት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ሐሳብ ሁለት ጫፎች ናቸው። ወደ 125 መመለስ ማለት በአንድ እጅ ካልሲየም እየሰጡ በሌላው እጅ አጥንቱን መሸርሸር ነው።

ታዲያ አሁን የሚደክማቸው ለምንድን ነው? አንደኛው መልስ ቀላል ነው። ለዓመታት ከልክ በላይ በሆነ ሆርሞን የኖረ ሰውነት ያንን ፍጥነት ጤና አድርጎ ለምዶታል። ፍጥነቱ ወደ ልኩ ሲወርድ ሰውየው የታመመ ይመስለዋል። ይህ ስሜት እውነተኛ ነው፤ እናትዎ አላጋነኑም። ግን የሆርሞን ማነስ ምልክት ነው ብሎ ለመደምደም ቲ.ኤስ.ኤች ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። 0.21 ማለት በሦስተኛው ሳምንት የሆርሞን ማነስ ምልክት አልታየም ማለት ነው።

ሆድ ድርቀቱን በተመለከተ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካልሲየሙን ነው። በብዛት የሚታዘዘው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ሆድ ማድረቁ የታወቀ ነው፤ ችግሩም የጀመረው ካልሲየሙ በተጀመረበት ሳምንት ነው። ሌቮታይሮክሲን በተቀነሰበት ቀን ሌላ መድኃኒት ሲጀመር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በታይሮይዱ ይላከካል።

የካልሲየሙ ጣጣ ግን በዚህ አያበቃም፤ በእኔ ግምት የጥያቄዎ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ ሲወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ60 እስከ 80 በመቶው ነው። ካልሲየም አንጀት ውስጥ ሲያገኘው ከፊሉን ይይዘውና ሳይመጠጥ ያልፋል። ሐኪማቸው የቀነሱት 25 ማይክሮግራም ነው፤ እናንተ ግን ሁለቱን ጠዋት አንድ ላይ እየሰጣችሁ ሌላ የማይታወቅ መጠን ቀንሳችኋል። ስንት እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ ከሰው ሰው፣ ከቀን ቀን ይለያያልና። ዛሬ ደማቸው ቢመረመር የሚገኘው ቁጥር የ100 ማይክሮግራም ውጤት አይሆንም። በዚህ ሁኔታ ላይ መጠን መጨመር ደግሞ የባሰ ነው፦ ነገ አንድ ሰው «ካልሲየሙን አራርቁት» ብሎ ሲመክራችሁ ተይዞ ይቀር የነበረው ሆርሞን ወደ ደም ይገባና ከነበሩበት ይብሳሉ።

ስለዚህ ሌቮታይሮክሲኑ ብቻውን፣ በውኃ፣ ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰድ። ቡናም ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አብሮ ሲጠጣ የሚመጠጠውን ይቀንሳልና። ካልሲየሙ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቀው፤ ከምሳ ጋር ቢሆን ይመቻል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ ይመጠጣልና ሁለት ጥቅም አለው። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ኪኒን፣ የጨጓራ አሲድን የሚያረክሱ መድኃኒቶች፣ ኮሌስትራሚን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ማዕድናት ያሉባቸው የቫይታሚን ኪኒኖችም በዚሁ የአራት ሰዓት ሕግ ይገዛሉ። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ግን በማራራቅ አይፈቱም፤ የጨጓራን አሲድ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀንሱ ሲጀመሩም ሲቆሙም ምርመራ መድገም ያስፈልጋል። ጠዋት ብዙ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሌቮታይሮክሲኑን ማታ፣ ከመጨረሻው ምግብ ቢያንስ ሦስት ሰዓት በኋላ ሊወስዱት ይችላሉ፤ እንዲያ ከሆነ ካልሲየሙ ወደ ራት አይዛወር። የመረጡትን ሰዓት አይቀያይሩት። ዋናው ነገር እርሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ያስደረጋችሁት ምርመራ ገንዘብም ልብም አባክኗል። በሰውነት ውስጥ ካለው ሌቮታይሮክሲን ግማሹ ለመወገድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ በአዛውንቶች ከዚያም ይረዝማል። አዲስ መጠን በደም ውስጥ ተረጋግቶ እስኪቀመጥ አምስት ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ለዓመታት ዝም ያለች ፒቱታሪ ደግሞ ከዚያም በላይ ልትዘገይ ትችላለች፤ ቲ.ኤስ.ኤች ከነፃ ቲ4 ኋላ ቀርቶ የሚከተልበት ጊዜ አለ። ከ0.05 ወደ 0.21 ማለት ነገሩ በትክክለኛው መንገድ እየሄደ ነው ማለት እንጂ ውጤት አይደለም። መጠን ከተለወጠ በኋላ ምርመራ የሚደረገው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ለእናትዎ ስምንተኛውን ሳምንት እመርጣለሁ፤ የሚቆጠረውም መጠኑ ከተቀነሰበት ቀን ሳይሆን ካልሲየሙን ካራራቃችሁበት ቀን ጀምሮ ነው።

በሚደክማቸው ቀን ግማሽ ኪኒን መጨመር የሚለው ሐሳብ ሌቮታይሮክሲንን እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ ከማየት የመጣ ነው። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ቲ4 ነው፤ ሕዋሳት የሚሠሩበት ግን ቲ3 ነው፤ ሰውነት አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው በራሱ ጊዜ ነው። ዛሬ የተዋጠ ግማሽ ኪኒን የዛሬን ድካም አያነሣም፤ ከሌሎች ግማሾች ጋር ተጠራቅሞ ከወር በኋላ ቲ.ኤስ.ኤችን ያወርዳል። ይህ ዘገምተኛነት ግን ጥሩ ጎንም አለው። ሰውነት የሚያየው የሳምንቱን ድምር ስለሆነ ሐኪም በ100 እና በ75 መካከል ማስቀመጥ ሲፈልግ ሁለቱን አንድ ቀን እያፈራረቀ ሊያዝ ይችላል። አንድ ቀን ቢረሳም ጥፋት የለም፤ በዚያው ቀን ሲታወስ ይወሰድ፤ ካለፈ ግን በማግስቱ ሁለት መዋጥን ለአዛውንት፣ በተለይም የልብ ሕመም ላለበት፣ አልመክርም። ሰባት ክፍል ያለው የሳምንት የኪኒን ሣጥን ከማንኛውም ማስታወሻ ይሻላል።

የሕክምናው ታሪክም ስሜትን ተከትሎ መጠን መወሰን የት እንደሚያደርስ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የበግ ታይሮይድ ጭማቂ በመርፌ የሰጣት የ46 ዓመት ሴት ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ አርፋለች፤ ይህ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። ነገር ግን ቲ.ኤስ.ኤችን በትክክል መለካት ከመቻሉ በፊት ሐኪሞች የሚመሩት በሕመምተኛው ስሜትና በግምት ነበር፤ በቀን 200 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ መስጠትም የተለመደ ነበር። ሕመምተኞቹ ብዙውን ጊዜ አላማረሩም። ትርፍ ሆርሞን መጀመሪያ ላይ ይወደዳል።

ወደፊት ምን ያህል ቲ.ኤስ.ኤች እንደሚፈለግም ከአሁኑ ይወቁት፤ ካልሆነ ቁጥሩ ከ4 ሲያልፍ ዳግመኛ ትጨነቃላችሁ። ቲ.ኤስ.ኤች በጤነኛ ሰውም ቢሆን ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ላቦራቶሪዎች የሚያትሙት ከ0.4 እስከ 4 ገደማ የሆነው ወሰን የጎልማሶች ወሰን ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ ባሉ ጤነኞች የላይኛው ድንበር ወደ 7.5 ይጠጋል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ70–80 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ዒላማው ወደ 4–6 ከፍ ቢል እንደሚሻል አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ አማካይ ዕድሜያቸው 74 የሆኑ፣ ቲ.ኤስ.ኤቻቸው በጥቂቱ ከፍ ያለ 737 ሰዎችን ወስዶ ለግማሾቹ ሌቮታይሮክሲን፣ ለግማሾቹ ምንም የሌለበት ኪኒን ሰጥቷል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በድካምም ሆነ በሌላው ምልክት ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ የተሠራው ሕክምና ገና ባልጀመሩ ሰዎች ላይ ነው፤ እናትዎ ከእነርሱ ይለያሉ፤ መድኃኒቱንም ማቆም የለባቸውም። ትምህርቱ ግን ይሠራል፦ በዚህ ዕድሜ ቲ.ኤስ.ኤችን ከ4 ወደ 2 ማውረድ ድካም ያነሣል የሚለው እምነት ማስረጃ የለውም። እኔ ለእናትዎ ከ1 እስከ 6 ያለው ሁሉ ደህና ነው እላለሁ፤ አጥንታቸው የሳሳ ስለሆነም ከ1 በታች መቆየቱን አልወድም።

መጠኑ ተስተካክሎ፣ ካልሲየሙ ተራርቆ፣ ቲ.ኤስ.ኤች በልኩ ሆኖ ድካሙ ቢቀጥል መልሱ ታይሮይዱ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ። በብዙ ሰው የታይሮይድ ማነስ መነሻው ሰውነት በራሱ ዕጢ ላይ የሚነሣበት የሐሺሞቶ በሽታ ነው፤ ይህ በሽታ ያለበት ሰው የጨጓራ ግድግዳውም በተመሳሳይ መንገድ ሊጠቃና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያገኘው ይችላል። የደም ማነስ፣ የኩላሊት ሁኔታ፣ የደም ስኳር፣ ድብርት፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ሁሉም «ይደክመኛል» በሚል አንድ ቃል ይመጣሉ። ክብደታቸውም ይመዘን። የወረደው ክብደት ከሆርሞኑ መብዛት ከሆነ አሁን መቆም አለበት፤ ቲ.ኤስ.ኤች ተስተካክሎ ክብደቱ መውረዱን ከቀጠለ በዕድሜ አይሳበብ፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት የማይሠራባቸው ሰዎች አሉ። የታይሮይድ ካንሰር ታክሞ የነበረ ሰው ቲ.ኤስ.ኤች ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል ሊደረግ ይችላል፤ የዚያ ውሳኔ የሚከታተለው ሐኪም ነው። ችግሩ ከፒቱታሪ ራሷ የሆነ ሰው ደግሞ ቲ.ኤስ.ኤች ምንም አይነግረውም፤ የሚመራው በነፃ ቲ4 ነው፤ እንዲህ ባለ ሰው ላይ ኮርቲሶል (ሌላው በፒቱታሪ ትእዛዝ የሚመረት ሆርሞን) ማነሱ ሳይታወቅ ሌቮታይሮክሲን መጨመር ለሕይወት አስጊ ነው። አሚዮዳሮን (የልብ ምት መድኃኒት) ወይም ሊቲየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) የሚወስድም በሌላ ሒሳብ ይታያል። ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲን በብዙ ላቦራቶሪዎች ምርመራውን ያዛባል፤ ቲ.ኤስ.ኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ነፃ ቲ4ን በሐሰት ከፍ አድርጎ ያሳያል። እናትዎ ይወስዱ ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይቁም። ብርቱ ኢንፌክሽን ይዞት ሆስፒታል በተኛ ሰው ላይ የተለካ ቲ.ኤስ.ኤችም መጠን ለመቀየር አይበቃም።

መጠን ሲቀነስ ሌሎች መድኃኒቶችም ይነካሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሌቮታይሮክሲኑ ሲቀንስ የዋርፋሪኑ ኃይል ይቀንሳል፤ ደሙ ቶሎ ይመርመር። ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት በተቃራኒው በደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የኢንሱሊን ፍላጎቱ ሊወርድ ስለሚችል የስኳር መውረድን ይጠንቀቅ። እናትዎ ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ስምንት ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪማቸውን አሁኑኑ ያናግሩ።

ካርቶኑንም ያንብቡ። አንዳንዱ አምራች በማይክሮግራም፣ አንዳንዱ በሚሊግራም ይጽፋል፤ 100 ማይክሮግራም ማለት 0.1 ሚሊግራም ነው፤ 0.05 ሚሊግራም ደግሞ 50 ማይክሮግራም ነው። አንድ የነጥብ ስሕተት አሥር እጥፍ ያመጣል። የሚስማማቸውን የአምራች ዓይነት ካገኙ በእርሱ ይቆዩ፤ መለወጥ ግድ ከሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ ምርመራ ይደገም። ኪኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም፤ መታጠቢያ ቤትና ማድቤት አይቀመጥም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውም ሁኔታዎች አሉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የተዛባ ወይም በጣም የፈጠነ የልብ ምት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መድከም ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በሌላው ጫፍ ደግሞ መድኃኒቱን ለብዙ ጊዜ ያቋረጠ አዛውንት ግራ መጋባት፣ ከባድ እንቅልፋምነትና የሰውነት መቀዝቀዝ ካሳየ ሚክሲዴማ ኮማ የሚባለው አደገኛ ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ድንገተኛ ነው። እናትዎ እዚህ አጠገብ አይደሉም፤ የምጠቅሰው 125ን ስለከለከልኩ ተበሳጭታችሁ መድኃኒቱን ጨርሶ እንዳታቋርጡባቸው ነው።

እንግዲህ የማደርገው ይህን ነው። 100 ማይክሮግራሙ ይቀጥል፤ ካልሲየሙ ከነገ ጀምሮ ወደ ምሳ ይዛወር። በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው የልብ ምታቸው ይታይ፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሡ፤ እግረ መንገድ የደም ማነስና የቢ12 ምርመራ ይሠራላቸው። ከዚያ ስምንት ሳምንት ምንም ሳይቀየር ይጠበቅና ቲ.ኤስ.ኤችና ነፃ ቲ4 አንድ ላይ ይለኩ፤ ከተቻለ በዚያው ላቦራቶሪ፣ የዕለቱ ኪኒን ከመወሰዱ በፊት። ያን ጊዜ ቲ.ኤስ.ኤች አሁንም ከ0.4 በታች ከሆነ መጠኑ ወደ 88 ወይም ወደ 75 መውረድ አለበት፤ ከ0.4 እስከ 1 ከሆነ ከአጥንታቸው የተነሣ ጥቂት መቀነሱን እደግፋለሁ፤ ከ1 እስከ 6 ከሆነ አይነካ። ከ7 በላይ ወጥቶ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ብቻ በ12.5 ማይክሮግራም ይጨመር፤ ያም ቢሆን ልባቸው ታይቶ፣ እንደገና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ተጠብቆ። መጠኑ ከተረጋጋ በኋላ በየስድስት ወሩ፣ ቀጥሎም በየዓመቱ መለካት ይበቃል፤ ክብደታቸው ከተለወጠ ወይም አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ግን ቀደም ብሎ።

የተረፉትን የ125 ኪኒኖች ዛሬውኑ ከቤት አውጥተው ወደ መድኃኒት ቤት ይመልሷቸው። በሚደክማቸው ቀን እጅዎ ወደዚያ መሄዱ አይቀርም።